ዜና ጉም ወዛፍ

ንዌጥን እንከ ጽሒፈ ዜናሁ፤ እንግዲህ ዜናቸውን መጻፍ እንጀምር ለሊቀ ተመልካቾች፣ ሐያሴ ኵሉ ፊልም፣ የመነጽር ጠጋኞች አለቃ፣ ፊልም ሳይጀመር አስተያየት የሚጀምሩ፣ ፊልም ካለቀ በኋላም የማያልቁ። ዘመኑም እርሳቸው በመንበራቸው በተቀመጡ በሰባተኛው ዓመት ነበር፤ ይኸውም የሲኒማ ቤቱ የፊት ወንበሮች ለጥገና ተነቅለው ሳይመለሱ በቀሩበት፣ የሱቃቸው ደጃፍ አስፋልትም ዳግመኛ ተቆፍሮ ዳግመኛ በተረሳበት ወራት ነው።

ይህን ዜና መዋዕል የሚጽፍ ሰው ተፈልጎ ስላልተገኘ፣ አንድ ለምነውት የነበረም «ሥራ ፈት አይደለሁም» የሚል አዋጅ ስላወጣ፣ ባለ ታሪኩ ራሳቸው ብዕር አነሡ። ራሱን «እርሳቸው» እያለ የሚጽፍ ሰው አያፍርም ወይ የሚል ቢኖር፣ ያፍራል፤ ነገር ግን ከዚህ በፊት «እርሳቸው» ብሎ የጠራቸው ሰው ስላልነበረ አጋጣሚው እንዲያመልጣቸው አልወደዱም።

በውእቱ መዋዕል ግዛታቸው በመድኃኒት ቤቱና በፎቶ ኮፒ ቤቱ መካከል የተሸጎጠች አንዲት ሱቅ ነበረች፤ ሁለት ሰው ሲተላለፍባት አንደኛው ትንፋሹን መያዝ ግድ ይሆንበታል። በስተ ምሥራቅ የመነጽር ፍሬሞች የተደረደሩበት ባለ መስታወት ሣጥን፣ በስተ ምዕራብ ከላይ ገዝፈው ወደ ታች እየቀጨጩ የሚወርዱ ፊደላት ያሉበት የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ፣ በመካከሉም ትንኝ የሚያህሉ ብሎኖች የሚቀመጡበት ሳሕን ነበረ፤ ሰው ባስነጠሰ ቁጥር የዕለቱ ሥራ እንደ አዲስ ይጀመራል። በዚያች ሱቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የፊልም ወዳጆች ይሰበሰባሉ፤ በሳምንቱ ውስጥ ሁሉም በሚመቸው ቀን አንዱን ፊልም አይቶ ይመጣና አስተያየቱን ለጉባኤው ያቀርባል።

የተከታዮቻቸውም ሥርዓት እንዲህ ነው። በቀኝ በኩል ባለ ፎቶ ኮፒው ይቀመጣሉ፤ ከእርሳቸው በፊት የተናገረውን ሰው ቃል ሳያጎድሉና ሳይጨምሩ፣ ትንሽ ብቻ አደብዝዘው ይደግማሉ። በግራ በኩል ከፎቅ የሚወርዱት የጥርስ ሐኪሟ ይቀመጣሉ፤ አፉን የከፈተን ሰው ጥያቄ ጠይቀው መልስ አለመጠበቅን ከሥራቸው የለመዱ ናቸው። ከደጃፉ ዘንድ፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን በተደገፈ በርጩማ ላይ፣ የሊቀ ተመልካቾች ሚስት ወንድም ይቀመጣል፤ በሞተር ብስክሌት ዕቃ የሚያደርስ ሲሆን የሚጠራውም «ፍጻሜ» ተብሎ ነው፤ ገና ሰላም ሲል የፊልሙን መጨረሻ ስለሚናገር።

ሕጋቸውም አንድ ነበረች። በመጀመሪያው ዓመት በአንድ ፊልም ምክንያት ክርክር ተነሥቶ የሣጥኑ መስታወት ስለተሰነጠቀ፣ ሊቀ ተመልካቾች እንዲህ ሲሉ አወጁ፤ «መጀመሪያ እኔ እናገራለሁ። የተናገርኩትን የሚቃወም መብቱ ነው፤ ግን ሻዩን የሚያፈላውም፣ ብርጭቆውን የሚያጥበውም እሱ ነው።» ከዚያች ቀን ወዲህ የተቃወመ አልተገኘም። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ እንዲሉ፣ ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል፣ እየነቀነቀም ወደ ቤቱ ይሄዳል። በዚህም የተነሣ በዚያች ሱቅ ሻይ ጠጥቶ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ማንቆርቆሪያውም በመደርደሪያው ላይ አቧራ ለብሶ ኖረ። ሊቀ ተመልካቾች ግን ነገሩን የአስተያየታቸው ጥራት ያመጣው አድርገው ቆጠሩት።

ወእምዝ ስለ እመቤቲቱ እንናገር። እመቤቲቱ የሊቀ ተመልካቾች ባለቤት፣ የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ፣ የሐኪሞችን ጽሕፈት ያለ አስተርጓሚ የሚያነቡ ናቸው። ከተጋቡ ጀምሮ በሲኒማ ቤት በባላቸው ቀኝ ይቀመጡ ነበር፤ ባላቸውም ፊልሙ ሲታይ በሹክሹክታ፣ ፊልሙ ሲያልቅ በሙሉ ድምፅ፣ ከመውጫው በር እስከ መኝታ ቤት ያስረዷቸው ነበር። አምና እመቤቲቱ መረራቸውና መንበራቸውን ለቀቁ፤ ከመድኃኒት ቤቱ ገንዘብ ተቀባይ ጋር ሌላ ቀን ሄደው በሰላም ማየት ጀመሩ። በባዶው ወንበር ላይም የሊቀ ተመልካቾች ካፖርት ነገሠ። ካፖርት ጥሩ አድማጭ ነው፤ አይስቅም፣ አያለቅስም፣ አይቃወምም። ሆኖም ሊቀ ተመልካቾች በዚህ አዝነው ነበር፤ አስቂኝ ነገር በመጣ ቁጥር ወደ ቀኛቸው ዞር ብለው ቁልፎቹን ብቻ አይተው ይመለሳሉ።

በዚያም ሰሞን ስለ አንድ አባትና ስለ ልጁ የሚናገር ፊልም መጣ፤ እመቤቲቱም ባላቸው ጥርሳቸውን ሲቦርሹ በመታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ቆመው ይህን አዋጅ አወጁ፤ «ስማ፣ አንድ ጊዜ ልሞክርህ። ይሄን ፊልም አብሬህ አየዋለሁ። ስንወጣ ግን አፍህን ከመክፈትህ በፊት ‹አንቺስ እንዴት አየሽው?› ብለህ ትጠይቀኛለህ። ካልጠየቅከኝ በቃ፤ ዕድሜ ልክህን ከካፖርትህ ጋር ተመልከት።» ሊቀ ተመልካቾችም አፋቸው የጥርስ ሳሙና አረፋ እንደ ሞላ ቃል ኪዳኑን ተቀበሉ።

ሐሙስ፣ የዘመቻው ዕለት፣ በሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ሁለት ጥቁር መነጽሮች ነበሩ። አንደኛው የጡረተኛው መምህር የማንበቢያ መነጽር ሲሆን የጆሮ ማንጠልጠያው ብሎን ወልቆ የመጣ ነው። ሁለተኛው የሊቀ ተመልካቾች የራሳቸው ነው፤ እርሱንም የሚያደርጉት ሩቁን ለማየት፣ ያውም ለፊልም ብቻ ሲሆን መብራት ሲጠፋ ይጭኑታል፣ መብራት ሲበራ ያወልቁታል። ሁለቱንም አጠበቁ፣ ሁለቱንም ወለወሉ። ነገር ግን ልባቸው ገና ባላዩት ፊልም ላይ የሚሰጡትን አስተያየት እያሰናዳ ስለነበር፣ መምህሩ ሊወስዱ በመጡ ጊዜ የራሳቸውን መነጽር ማኅደር ውስጥ ከተው አስረከቡ፤ የመምህሩን ደግሞ በደረት ኪሳቸው ከተቱ። ሃያ ዓመት የሰውን ዓይን ሲያቀኑ የኖሩ ሰው የራሳቸውን መነጽር አላወቁትም። ይህን ነገር አንባቢ ይያዝልን።

ከዚህም በኋላ ተነሥተው ዘመቱ፤ በእመቤቲቱ ታጅበው በሰባተኛው ረድፍ ሰፈሩ። ካፖርቱም ከመንበሩ ወርዶ በወንበራቸው ጀርባ ተሰቀለ። መብራት ጠፋ፤ ሊቀ ተመልካቾች መነጽራቸውን ጫኑ፤ እነሆም ጉም ምድርን ሸፈነ።

መነጽሩን አውልቀው በጨርቅ ወለወሉት፤ ጉሙ አለ። በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉት፤ ጉሙ ጭራሽ ተንሰራፋ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ጊዜ ዓይኑን ይጠረጥር ነበር፤ የሠለጠነ ባለሙያ ቢሆን ደግሞ መነጽሩን ይጠረጥር ነበር። ሊቀ ተመልካቾች ግን የጠረጠሩት ዳይሬክተሩን ነው፤ ቀጥለውም አደነቁት፤ ፊልም በሙሉ በጉም ውስጥ ሊቀርጽ የደፈረ ሰው እስካሁን አላጋጠማቸውምና። ቡናማ ነገር ከግራ ወደ ቀኝ ሲንሳፈፍ መንከራተት ነው አሉ። ቀይ ነገር ብልጭ ሲል ቁጣ ነው አሉ። በመጨረሻም አንድ ረዥም ጥቁር ነገር በመንገድ ዳር ቆሞ፣ አንድ ቅርንጫፉን ወደ ላይ አንሥቶ ሲወዛወዝ ባዩ ጊዜ ዛፍ መሆኑን ዐወቁ፤ ነፋስ የሚመታው የዕጣ ፈንታ ዛፍ ነው ብለው በልባቸው ፈረዱ። በዚያች ሰዓት አዳራሹ በሳቅ ሞላ፤ ሊቀ ተመልካቾችም በዛፍ የሚስቅ ሕዝብ መካከል በመፈጠራቸው አዘኑ። እመቤቲቱ መሐረባቸውን ወደ ዓይናቸው ሲወስዱም በጨረፍታ አይተዋል፤ እሰይ፣ ጉሙ እርሷንም ነካት አሉ።

መብራት ሲበራ መነጽሩን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። እመቤቲቱ በመውጫው ደረጃ ላይ ቆሙ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ጠበቁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ሊቀ ተመልካቾች አፋቸውን ከፈቱና ጉሙ ወጣ። ከደረጃው እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ስለ ጉሙ ምሥጢር፣ በአውቶቡሱ ውስጥ ስለ ዛፉ፣ ከአውቶቡስ ወርደው እስከ ቤታቸው በር ድረስ ዳግመኛ ስለ ጉሙ ተናገሩ፤ በአውቶቡሱ አጠገባቸው ቆሞ የነበረ መንገደኛ መውረጃው ሳይደርስ ወረደ። እመቤቲቱ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። በሊቀ ተመልካቾች ግዛት ደግሞ ዝም ያለ ሁሉ እንደ ተስማማ ይቆጠር ነበር።

ወኮነ በዕለተ ቅዳሜ፣ ጉባኤው በተሰየመ ጊዜ፣ እመቤቲቱ መድኃኒት ቤቱን ዘግተው ነጭ ጋዋናቸውን እንደ ለበሱ መጥተው በደንበኞች ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እንዲህ ያለ ነገር በዘመነ መንግሥታቸው ታይቶ አይታወቅም። ሊቀ ተመልካቾችም ሊያደምጡኝ መጡ ብለው ደስ አላቸው፤ በእግራቸውም ቆመው ይህን አዋጅ አስነገሩ፤ «ስሙ! ይህ ፊልም ስለ አባትና ስለ ልጅ ነው የሚለው ተራ ተመልካች ነው። ይህ ፊልም ስለ ጉም ነው። ሰው ማለት ጉም ውስጥ የሚሄድ ነገር ነው። መጨረሻ ላይ ያ ዛፍ ቅርንጫፉን ሲያነሣ ያልተንቀጠቀጠ፣ እሱ ፊልም አላየም!»

ተከታዮቻቸው ሦስቱም ፊልሙን በጤነኛ ዓይን፣ በሚገባ አይተውት ነበር። በመደርደሪያው ላይ ወዳለው ማንቆርቆሪያ፣ ከሥሩም ወደ ተከመሩት ብርጭቆዎች ተመለከቱ። ከዚያ ባለ ፎቶ ኮፒው አወጁ፤ «ጉሙንማ እኔም አይቼዋለሁ። እንዲያውም ከመሀል በኋላ እየወፈረ ነው የሄደው።» የጥርስ ሐኪሟም አወጁ፤ «እኔን የገረመኝ ዛፉ ነው። ቆሞ ታያላችሁ እንጂ ሥሩ ተበልቷል እኮ!» ፍጻሜ ደግሞ እህቱን በዓይኑ ጥግ እያየ አወጀ፤ «መጨረሻውን እንዳልናገር ብዬ ነው እንጂ፣ የዛፉ ቅጠል ሙልጭ ብሎ ይረግፋል።»

ሊቀ ተመልካቾች በደስታ ፊታቸው እያበራ ሳለ በሩ ተከፈተና ጡረተኛው መምህር ገቡ። በአንድ እጃቸው ጋዜጣ፣ በሌላው መነጽር ይዘዋል። የእርሳቸውም አዋጅ እንዲህ የሚል ነበር፤ «አንተ ሰውዬ! ብሎን አጥብቅልኝ ብዬ ሰጠሁህ እንጂ ዓይኔን አጥፋልኝ አልኩህ? ከሐሙስ ጀምሮ አንድ መስመር አላነበብኩም። ጋዜጣውን እጄ እስኪያልቅ አርቄ ያዝኩት፤ ባለቤቴ በረንዳ ላይ ቆማ ያዘችልኝ፤ ወይ ፍንክች! እኔ የሰጠሁህ መነጽር ነው፤ የመለስክልኝ የጠርሙስ ቂጥ ነው!»

ሊቀ ተመልካቾችም ክብራቸውን እንደ ጠበቁ መነጽሩን ተቀብለው፣ እንደ ሙያቸው ልማድ ዓይናቸው ላይ አድርገው፣ በግድግዳው ወዳለው ሰሌዳ ተመለከቱ። የመጨረሻዋ ቀጫጫ መስመር ሳትቀር ቁልጭ ብላ ታየቻቸው። እጃቸው በዝግታ ወደ ደረት ኪሳቸው ሄዶ የሐሙሱን መነጽር አወጣ፤ አደረጉት፤ ወደ ሰሌዳውም ዳግመኛ ተመለከቱ። ጉሙ እዚያ ነበረ። ያ የታወቀው ጉም፣ ያ የሰው ልጅ መንከራተቻ፣ በገዛ ሱቃቸው ግድግዳ ላይ ተንጣሎ ጠበቃቸው፤ ከላይ ያለችው ትልቋ ፊደልም ቁርጥ ዛፍ መስላ ነበር።

ወኮነ ዛሕን ዐቢይ፤ ታላቅ ጸጥታም ሆነ። ፊልሙን በሰው መነጽር ያዩት አንድ ሰው ናቸው፤ ጉሙን ያዩት ግን አራት ነበሩ። ባለ ፎቶ ኮፒው ማሽናቸው ላይ ወረቀት እንደ ተቀረቀረ ድንገት ትዝ አላቸው፤ ግን አልተነሡም። የጥርስ ሐኪሟ ጣሪያውን መመርመር ጀመሩ። ፍጻሜ በርጩማው ሥር ያለውን ካርቶን ያስተካክል ነበር።

በዚያን ጊዜ እመቤቲቱ ተነሡ፤ ድምፃቸውንም ከፍ ሳያደርጉ ይህን አዋጅ አወጁ።

«እኔ ጉም አላየሁም። ያ ዛፍ ያላችሁት አባትየው ነው። ልጅቷ ልትሄድ ስትል የሻንጣዋ መዝጊያ ተሰበረ፤ ቀበቶውን ፈትቶ አሰረላት። አውቶቡሱ ሲነሣ ሱሪው እንዳይወርድበት በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው እጁ ቻው ይላታል። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አባዬ ትዝ አለኝ። አባዬ ቁርጥ ያንን ሰውዬ ነበር። ይሄን ልነግርህ ደረጃው ላይ ቆሜ ጠበቅኩህ፤ አንተ ስለ ጉም ታወራለህ። መነጽሩ መሳሳቱን እተወዋለሁ፤ ማንም ይሳሳታል። አጠገብህ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ ግን ምን ሆንሽ ማለት መነጽር አይፈልግም። እንግዲህ ከካፖርትህ ጋር ተመልከት። ተቃውሜያለሁ፤ ሻዩን ግን የምታፈላው አንተ ነህ።»

ይህንም ብለው ወጡ። ፍጻሜ አንገቱን ደፋ፤ እህቱ ያስታወሰችው አባት የእርሱም አባት ነበርና።

ወእምድኅረዝ ሊቀ ተመልካቾች ከመንበራቸው ወርደው ማንቆርቆሪያውን ከመደርደሪያ አወረዱ፤ ውስጡ የሞተ ዝንብና ጠፍታ የነበረች የብሎን መፍቻ ተገኘች። አጠቡት፤ ሻይ አፈሉ፤ ለጡረተኛው መምህርም ሳይቀር በየተራ ቀዱ። ሻዩ አንዴ ተፈልቶ፣ ያፈላውም ሰው ስለ ታወቀ ሕጉ ፈረሰ፤ ተከታዮቻቸውም አንድ ሁለት ጊዜ ፉት ካሉ በኋላ አንደበታቸው ተፈታ። ባለ ፎቶ ኮፒው ባለፈው ዓመት ጉባኤው ምርጥ ብሎ የመረጠውን ፊልም አንድ ቀን ወደውት እንደማያውቁ አወጁ። የጥርስ ሐኪሟ ሊቀ ተመልካቾች በየሳምንቱ ከሚናገሩት ይልቅ ጥርስ መንቀል ቶሎ እንደሚያልቅ አወጁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የሰባት ዓመት ተቃውሞ በአንድ ከሰዓት በኋላ ወረደባቸው። እርሳቸውም ጀርባቸውን አዙረው ብርጭቆ እያጠቡ ሰሙ። መምህሩ ብቻ፣ መነጽራቸውን ተመልሰው አግኝተው፣ ጥግ ላይ በደስታ ጋዜጣቸውን ያነቡ ነበር።

በማግስቱ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ሊቀ ተመልካቾች ሠራዊትም አጃቢም ሳያስከትሉ ለዚያው ፊልም ዳግመኛ ዘመቱ። በሰባተኛው ረድፍ ሰፈሩ፤ ካፖርታቸውን በቀኛቸው አነገሡ፤ የገዛ መነጽራቸውን አደረጉ። ጉም የለም። ቡናማው መንከራተት ሻንጣ ነበር። ቀዩ ቁጣ የልጅቷ ሻሽ ነበር። አባትየውም መጣ፤ ዛፍ አልነበረም፤ ከቅጥነቱ የተነሣ ሱሪው እንኳ የማይቆምለት ሽማግሌ ነበር። ቀበቶውን ፈታ። ሻንጣውን አሰረ፣ ቋጠሮውን ሁለቴ ሳብ ሳብ አድርጎ አረጋገጠ። አውቶቡሱ ተነሣ፤ ሰውዬው በግራ እጁ ሱሪውን ጨብጦ ቀኝ እጁን አነሣ፤ አዳራሹ ሳቀ፤ እርሳቸውም አለቀሱ። ምን እርሳቸው እላለሁ፤ እኔ አለቀስኩ።

አማቴን፣ የእመቤቲቱን አባት፣ አውቃቸው ነበር። ወደ ቤታችን የገባን ቀን የበራችንን ቁልፍ ሲያበጁ ውለው፣ ሲሄዱ መፍቻቸውን ረስተው ሄዱ። ልመልስላቸው ስል ረስቼ አይደለም፣ ለልጄ ነው የተውኩት አሉኝ። እኔ ያን ጊዜ ስለ አንድ ፊልም እያወራሁ ነበር መሰለኝ፤ ነገሩን ለእርሷ መንገሬን አላስታውስም። መነጽሬ ጉም ለበሰ። በዚህኛው ጉም ላይ የምሰጠው አስተያየት አልነበረኝም።

ቤት ስደርስ ነጭ ጋዋኗን ለሰኞ እየተኮሰች ነበር። ካፖርቴን እንደ ታቀፍኩ በሩ ላይ ቆሜ፣ በዘመነ መንግሥቴ ከወጡት ሁሉ አጭሩን አዋጅ አወጅኩ፤ «አንቺስ እንዴት አየሽው?»

አንድ እጅጌ ተኩሳ ጨረሰች። ከዚያ ካውያውን አቆመችው፤ ዓይኖቼን አየቻቸው፤ ቀልተው ነበር። የእርሷም አዋጅ አጭር ነበር፤ «ብዙ ነው። ቁጭ በል።»

ቁጭ አልኩ። ከአባቷ ጀመረች። መሀል ላይ ስለ አባቷ መፍቻ ነገርኳት፤ ተነሥታ ከሚቀመጥበት መሳቢያ አውጥታ በእጇ ይዛው ቀጠለች። ሁለት ጊዜ ስለ ካሜራው አንድ ነገር ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ገጠምኩት፤ በታሪክ ጸሐፊነቴ እመሰክራለሁ፣ ከዚህ የሚበልጥ ጀብዱ ሠርቼ አላውቅም። የነገረችኝን በዚህ ዜና መዋዕል አልጻፍኩትም፤ የእርሷ ነውና።

ስለዚህ ክብር ይገባዋል ለመነጽር ጠጋኙ፣ ለጉም ድል አድራጊ፣ ዛፍን ወደ ሰውነቱ ለመለሰ፣ በማንቆርቆሪያ ላይ ለሠለጠነ፣ አፉን ሁለት ጊዜ ከፍቶ ሁለት ጊዜ ለዘጋ፤ ዝናውም ከመድኃኒት ቤቱ እስከ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ይሰማ። በሚቀጥለው ሐሙስ እመቤቲቱ መነጽሬን ከኪሴ አውጥታ፣ የእኔ መሆኑን አረጋግጣ፣ በሰባተኛው ረድፍ በቀኜ ተቀመጠች። ካፖርቱም ከመንበሩ ተሽሮ ጉልበቴ ላይ ዋለ።